ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ትራምፔተኛ

መድረኩ ላይ ሠላሳ ገደማ ሰው ተቀምጧል። ሁሉም ደጋን ይዘዋል። አንድ ሰው ብቻ ከኋላ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሏል። ሙዚቃው ይጀመራል፤ እሱ አይነፋም። የመጀመሪያው ክፍል ያልቃል፤ አይነፋም። ሁለተኛውም ያልቃል፤ አሁንም የለበትም። ሦስተኛው ተጀምሮ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሰውየው እንደ እንግዳ እጁን አጣምሮ ይሰማል። ከዚያ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ትራምፔቱን ያነሣና ይነፋል። እሱ ሲጨርስ ሙዚቃውም አብሮ ያልቃል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር እጅ ነስቶ ወደ ቤቱ።

እየቀለድኩ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው የአርቱር ሆኔገር 2ኛ ሲምፎኒ የተጻፈው እንዲህ ነው። ጊዜው 1941 ነው። ቦታው ፓሪስ፤ ከተማዋ በጀርመን ጦር እጅ ነች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በየመስመሩ እንዳላስታውሳችሁ።) ስለ ክላሲካል ሙዚቃ የሚያወሩ ሰዎች «የጦርነት ሲምፎኒ» ከሚሏቸው ሥራዎች አንዱ ይኼ ነው። ግን መድፍ የለበትም። ከበሮ የለበትም። የሰልፍ ዜማ የለበትም። አንዲት ቃል የሚዘፍን ሰው የለም። ታዲያ ጦርነቱ የቱ ጋ ነው? ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም፤ እኔም እዚያ ላይ ደካማ ነኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ስህተት ነው። አጀማመሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ስልኬ የተበላሸ መሰለኝና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ ፈጣኑ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ መርዶ ሰማህ እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጠፋኝ።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሣ። ሲምፎኒ ማለት ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረዘም ያለ ድርሰት ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍል አለው። በክፍሎቹ መሀል ትንሽ ጸጥታ አለ፤ እዚያ ላይ ማጨብጨብ እንደ ነውር ይቆጠራል፣ ብታጨበጭቡም ግን ማንም አይገርፋችሁም። ሙሉ ኦርኬስትራ ደግሞ አራት ቤተሰብ አለው። በደጋን የሚገዘገዙት የክር መሣሪያዎች፣ እንደ ፍሉትና ክላርኔት ያሉት ከእንጨት ወገን የሚቆጠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ እንደ ትራምፔትና ትሮምቦን ያሉት የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ከዚያ ከበሮና መሰሎቹ።

ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን ቤተሰብ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ብታሰናብቱ የሚተርፋችሁ የክር ኦርኬስትራ ይባላል። አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ። የአሠራር መርሃቸው ተመሳሳይ ነው፤ የእንጨት ሆድ፣ የተወጠረ ክር፣ የፈረስ ጭራ የታሰረበት ደጋን። ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ትልቁ ልዩነት መጠናቸው ነው። ቫዮሊን ትከሻ ላይ ታርፋለች። ኮንትራባስ የሚጫወተው ሰው ደግሞ ቆሞ እንደ ዘመድ ያቅፈዋል።

ይህ ቤተሰብ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ደጋን ትንፋሽ አይፈልግም። ዘፋኝም ሆነ ትራምፔተኛ አየር ሲያልቅበት ማረፍ አለበት። ደጋን ግን ወደ ላይ ሲሄድ ያለቀው ወደ ታች ሲመለስ ይቀጥላል። ስምንት ቫዮሊን ሆነው ተራ በተራ ደጋን ከመለሱማ የቱ ላይ እንደተቆረጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የክር ኦርኬስትራ አንድን ለቅሶ ለደቂቃዎች ሳይበጥስ መሳብ ይችላል። ሰው እንደዚያ ማልቀስ አይችልም። መሀል ላይ ይተነፍሳል።

ጉዳቱ ደግሞ ቀለም ማጣት ነው። ሙሉ ኦርኬስትራ የያዘ ደራሲ አድማጩ የደከመው ሲመስለው ፍሉት ያመጣል፣ ቀንድ ያስነፋል፣ ከበሮ ያስመታል። የክር ኦርኬስትራ የያዘ ይህ ሁሉ የለውም። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነጭ ሸማ ይሸምናል ማለት ነው። ከወፍራምና ከቀጭን፣ ከላላና ከጠበቀ በቀር መለያ የለውም። ሸማ ላይ ቀለሙ የት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ጫፉ ላይ። ጥለት ይባላል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሆኔገር ለምን ክር ብቻ መረጠ? በቀላሉ የሚመጣው ግምት ጦርነት ስለነበር ነው የሚል ነው። ነፊዎቹ ዘምተው፣ ተማርከው፣ ክር መቺዎች ብቻ ቀርተው… ጥሩ ፊልም ይወጣው ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ የሰከነ ነው። ክር ብቻ የሆነው ትእዛዙ ከመጣበት ቤት የተነሣ ነው።

ትእዛዙ የመጣው ከስዊዘርላንድ፣ ከባዝል ከተማ ነው። ፓውል ዛኸር የሚባል ሰው በ1926፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ፣ የባዝል ቻምበር ኦርኬስትራን አቋቋመ። ትንሽ ኦርኬስትራ ናት፤ ዋና አካሏ ክር ነው። ዛኸር በ1934 አገባ። ሚስቱ ማያ የሆፍማን ላ ሮሽ መድኃኒት ኩባንያ ወራሽ የነበረ ሰው ባልቴት ናት። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ነገር አላሳሰበውም። ሌላው ሀብታም መኪና ሲገዛ ዛኸር ሲምፎኒ ያዝ ነበር። እንደ ቤላ ባርቶክ፣ ስትራቪንስኪ፣ ሪሻርድ ሽትራውስና ማርቲኑ ያሉ የዘመኑ ስመ ጥር ደራሲዎች ለእሱ ጽፈዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለክር መሣሪያ ከተጻፉት ታላላቅ ሥራዎች ብዙዎቹ የዚህ ሰውዬ ቼክ አለባቸው። እኔ በበኩሌ ስለ ኪነጥበብና ስለ ገንዘብ ክርክር ሲነሣ ዛኸርን ነው የማስታውሰው። ሀብታም ሲባል ደራሲውን ጠምዝዞ የራሱን ፍላጎት የሚያስጽፍ አድርገን እንስላለን፤ ይህኛው ከፍሎ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ዓይነት ነበር።

መጠበቁስ! ለሆኔገር ትእዛዙ የመጣው ኦርኬስትራዋ አሥረኛ ዓመቷን ስታከብር፣ በ1936 ነው። ሆኔገር እሺ አለ። ከዚያ አቃተው። ሌሎች ብዙ ነገሮች ጻፈ፤ ይህን ግን መጨረስ አልቻለም። ከ1ኛው ሲምፎኒው በኋላ ዓመታት አልፈዋል፤ ያንን የጻፈው በ1930 ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ 50ኛ ዓመት ነበር። ሁለተኛው እምቢ አለው። ያለቀው በኦክቶበር 1941 ነው። ለአሥረኛ ዓመት የታዘዘው ስጦታ ኦርኬስትራዋ አሥራ አምስት ሲሞላት ደረሰ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሥራው የተፀነሰው በሰላም ጊዜ፣ ለልደት በዓል ነው። ጦርነቱ ኋላ ነው የደረሰበት። ለዚህም ነው «የጦርነት ሲምፎኒ» የሚለውን ስም ስሰማ ትንሽ የሚከነክነኝ። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ከስሙ የምንጠብቀው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል። ሆኔገር በ1892 በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ለ አቭር ተወለደ። ወላጆቹ ስዊዞች ናቸው። ኑሮው ፓሪስ፣ ፓስፖርቱ ስዊዝ። በወጣትነቱ «ስድስቱ» ተብለው ከሚጠሩት የፓሪስ ሙዚቀኞች አንዱ ነበር፤ ፍራንሲስ ፑላንክና ዳርዩስ ሚዮ የዚያው ቡድን ናቸው። ስሙን በዓለም ያስጠራው በ1923 የባቡር ጉዞ የሚመስል የኦርኬስትራ ሥራ በመጻፉ ነው፤ «ፓሲፊክ 231» ይባላል። ከቆመበት ተነሥቶ እየፈጠነ የሚሄድ ከባድ ብረት በጆሮ ይታያችኋል። የሚገርመው ይህ ነው። ብረትና ጉልበት ማሰማት የሚችልበት ሰው፣ ታንክ በደጁ ሲያልፍ ቫዮሊን ብቻ ይዞ ተቀመጠ።

የጀርመን ጦር ፓሪስ የገባው ጁን 14 ቀን 1940 ነው። ሆኔገር ስዊዘርላንድ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ጓደኛው ሚዮ አይሁዳዊ ስለሆነ አገር ጥሎ አሜሪካ ገባ፤ ሙዚቃው በፓሪስ ታገደ። ከተማዋ ሰዓት እላፊ ታወጀባት። ዳቦ፣ ሥጋ፣ ቅቤ በራሽን ካርድ ሆነ። የድንጋይ ከሰል ጠፋ፤ ክረምቱ ደግሞ ጨካኝ ነበር። የከተማዋ ሰዓት ሳይቀር በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቶ ከበርሊን ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ እኔን ግን ከሁሉ የበለጠ ትገባኛለች። ሰዓትህን ሌላ ሰው ሲሞላልህ አስበው።

እንግዲህ ሙዚቃው።

የመጀመሪያው ክፍል በዝግታ ይጀምራል። ከሥር ረጅም የተሳበ ድምፅ አለ። ከላዩ አንዲት ቪዮላ ብቻዋን ጥቂት ድምፆች ትደጋግማለች። ዜማ ለመባል እንኳ አይበቃም። ወጣ ይላል፣ ይመለሳል። ወጣ ይላል፣ ይመለሳል። እሳት በሌለበት ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚንቆራጠጥ ሰው ነው የሚመስለኝ። ቪዮላ መመረጧ ራሱ ነገር አለው። ከቫዮሊን ወፈር፣ ከቼሎ ቀጠን ትላለች፤ ድምፅዋ ትንሽ የታፈነ ነው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት። በኦርኬስትራ ውስጥ መሀል ተቀምጣ ሌሎችን የምታግዝ ናት፤ ወደፊት ወጥታ እንድትናገር ብዙ ጊዜ ዕድል አይሰጣትም።

ከዚያ ነው እኔን ታክሲ ውስጥ ያስዘለለኝ የሚመጣው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደጋናቸውን ክሩ ላይ ይጥሉታል። ከበሮ የለም ብያለሁ፤ ግን ቼሎና ኮንትራባስ ደጋናቸውን ከላይ ወደ ታች ገፍተው ሲመቱ ከበሮ መኖር አለመኖሩን ትረሳላችሁ። ሳጥኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ይህ ፈጣን ክፍል ቁጡ ነው፤ ጠማማም ነው፤ ማዕዘን የበዛበት። ግን አያሸንፍም። መሀል ላይ ያቺ የምትንቆራጠጥ ቪዮላ ተመልሳ ትመጣለች። ቁጣው እንደገና ይነሣል። እንደገና ይደክማል። ክፍሉ የሚያልቀው በእሷ ነው። ቁጣ ሄዶ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ያው የሚንቆራጠጠው ሰው ነው።

ጦርነቱ የቱ ጋ ነው ላላችሁኝ የመጀመሪያው መልሴ እዚህ ነው። ስለ ጦር ሜዳ የሚተርኩ ሙዚቃዎች አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩን ነው የሚያሰሙን። ይህኛው የተያዘች ከተማ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ የተቀመጠን ሰው ያሰማል። ለዚያ ሰው የጦርነት ዋናው ነገር ፍንዳታ አይደለም። ጊዜው አለመሄዱ ነው። ያው ሐሳብ፣ ያው ወረፋ፣ ያው ሰዓት እላፊ። ድግግሞሽ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሆኔገር «አዳጆ ሜስቶ» ብሎ ጽፎበታል። አዳጆ ቀስ በል ማለት ነው፤ ሜስቶ በጣሊያንኛ ሐዘንተኛ። ነገሩ ሙሾ ነው። ከሥር አንድ የባስ መስመር ከባድ እርምጃ ይዞ እየደጋገመ ይመጣል፤ ከላዩ ሌሎቹ ያለቅሳሉ። ባስ ላይ መስመር አስቀምጦ ከላዩ መለዋወጥ የጥንት ዘዴ ነው፤ የድሮው ጀርመናዊ ደራሲ ባኽ አዘውትሮ የሠራበት። ሆኔገር ባኽን አጥብቆ ይወድ ነበር። ቀደም ሲል ደጋን ትንፋሽ አይፈልግም ያልኩት እዚህ ላይ ይገባችኋል። ለቅሶው አይቋረጥም። እያደር ይወፍራል፤ ድምፆቹ እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ መሀል ላይ ጆሮ ሊሸከመው የማይፈልገው ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ይህን ክፍል በየቀኑ አልሰማውም። አይቻልም።

ሦስተኛው ፈጣን ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ንዴቱ ጉልበት ይሆናል። ቡድኖቹ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ያደናቅፈዋል። ብርሃን ያለበት ይመስላችኋል፣ ግን ገና እርግጠኛ አትሆኑም። ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ በላይ፣ አንደኛ ቫዮሊኖቹ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል ዜማ ይጀምራሉ። ከሥር ሩጫው አልቆመም። ከላይ ግን መዝሙር አለ።

ትራምፔተኛው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ዜማው ኮራል ይባላል። ኮራል የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በኅብረት የሚዘምሩት ዓይነት ቀላል፣ ደርበብ ያለ መዝሙር ነው። ባኽ እንዲህ ያሉ መዝሙሮችን ከነባሩ መጽሐፍ እየወሰደ ይሠራባቸው ነበር። ይህኛው ግን ከየትም አልተወሰደም፤ ሆኔገር ራሱ ነው የደረሰው።

ስለ ትራምፔቱ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የራሱ ዜማ የለውም። የሚነፋው አንደኛ ቫዮሊኖቹ የሚመቱትን ያንኑ ነው። ሆኔገር ራሱ ነገሩን ሲያስረዳ በኦርጋን መስሎታል። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ የሚሳቡ ቁልፎች አሉ፤ አንዱን ስትስቡት ሌላ የቧንቧ ረድፍ ይከፈታል። ጣታችሁ ያለበት አልተለወጠም፤ ድምፁ ግን ሌላ ብርሃን ያገኛል። ትራምፔቱ ያ የሚሳበው ቁልፍ ነው። የተግባር ምክንያትም አለው፤ ከሥር ያለው ሩጫ ስለሚበረታ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ዜማው ይዋጣል።

ሁለተኛ፣ ደራሲው ትራምፔቱን እንደ ፈቃድ ነው ያስቀመጠው። ከሌለ ይቅር። ሲምፎኒው ያለ እሱም ይቆማል። እንደኔ ግን ያለ እሱ መጫወት ሸማውን ያለ ጥለት መልበስ ነው። ይለበሳል፣ ልክ ነው። ግን ሃያ ምናምን ደቂቃ ሙሉ በደጋን ብቻ የተሠራ ድምፅ ሰምታችሁ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከሰው ሳንባ የወጣ አየር ስትሰሙ የሚሰማችሁን ልነግራችሁ አልችልም። በዚህ ሲምፎኒ ውስጥ ያለው ትንፋሽ እሱ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ተነፈሰ።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ድል!» ይላሉ። ቀኑን አስቡ እንጂ። ኦክቶበር 1941 ነው። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ እየገፋ ነው። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ፓሪስ ነፃ የምትወጣው በኦገስት 1944 ነው፤ ገና ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይቀራል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ በዚያ ወር ከጣሊያን ነፃ ከወጣች ወራት ተቆጥረው ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ ግን በዓይን የሚታይ ድል አልነበረም። ስለዚህ ይህ ዜማ የድል ዜና ሊሆን አይችልም፤ ዜናው የለማ። ምን እንደሆነ በአንድ ቃል መናገር ያዳግተኛል። የገደሉን ጫፍ ሳያይ የሚዘል ሰው ዓይነት ነው።

ሆኔገር ራሱስ ምን አለ? ስለዚህ ሲምፎኒ ሲጠየቅ ምንም ታሪክ ወይም ፍልስፍና ልተርክበት አላሰብኩም ብሏል። ስሜት ካለበትም ሳያውቀው በራሱ የመጣ ነው፤ ሐሳቡን የሚገልጸው በሙዚቃ ብቻ ስለሆነ። ይህን መልስ አንዳንዱ ሽሽት ይለዋል። እኔ አምነዋለሁ። የሚበርደው ሰው ስለ ብርድ ለመጻፍ ባያስብም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፉ ላይ ይታያል።

ከሶቪየቱ ደራሲ ከሾስታኮቪች 7ኛ ሲምፎኒ ጋር ስታስተያዩት ነገሩ ይበልጥ ይታያል። እሱም የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ፣ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ በኦገስት 9 ቀን 1942 ካርል ኤልያስበርግ የተራቡ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ እዚያው ከተማዋ ውስጥ አስመታው። ያ ሲምፎኒ ግዙፍ ነው፤ ሰባ ደቂቃ ያልፋል፤ ከበሮው፣ ነሐሱ፣ ሁሉም አለ። ለከተማ የተጻፈ ነው፤ አደባባይ ላይ ቆሞ ይናገራል። የሆኔገሩ ለአንድ ክፍል ቤት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ፣ ለእኔ ትንሹ።

አሁን የማይመቸው ጉዳይ ላይ ደረስን። እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው አርበኛ ነበር ብለን ብንደመድም ደስ ይለን ነበር። አማርኛችን ለዚህ የበሰሉ ቃላት አሉት፤ ጣሊያን አምስት ዓመት ሲቀመጥብን የተለመዱ። አርበኛ፣ የውስጥ አርበኛ፣ ባንዳ። ሆኔገር ከሦስቱ የትኛው ነበር?

በምስጢር ከተደራጁት የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ተቃውሞ ጋር ነበር። በዚህ ብቻ ብንቆም የውስጥ አርበኛ እንለው ነበር። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ጀርመኖች ፈቅደው በሚታተመው «ኮሜዲያ» ጋዜጣ ላይ የሙዚቃ ሂስ ይጽፍ ነበር። ከዚህ የባሰ ደግሞ በ1941 መጨረሻ፣ ሲምፎኒውን በጨረሰ በሳምንታት ውስጥ፣ ናዚዎች በቪየና ባዘጋጁት የሞዛርት ክብረ በዓል ላይ ከፈረንሳይ ልዑካን ጋር ተገኘ። ሞዛርት የሞተበት 150ኛ ዓመት ነበር፤ በዓሉ ግን ስለ ሞዛርት ብቻ አልነበረም። የተቃውሞው ጓዶቹ ኋላ ከመሀላቸው አስወጡት። ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ፍርድ ቤት የከሰሰው የለም፤ ሙዚቃው ግን ለተወሰነ ጊዜ ከመድረክ ራቀ።

ባንዳ ማለት ይከብደኛል። አርበኛ ማለትም አይሆንልኝም። በስዊዝ ፓስፖርቱ ተማምኖ በሁለቱም በር የሚገባ የሚወጣ፣ ሥራውን ብቻ እንዲተዉለት የሚፈልግ ሰው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው በተያዘ ከተማ ውስጥ ሁሌም ይኖራል፤ ሐውልት ግን አይቆምለትም። ስዊዞች በበኩላቸው በ1996 ባሳተሙት 20 ፍራንክ ላይ ፊቱን አወጡት። በዚያ ዘመን ዙሪክ ወይም ጄኔቭ የነበራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አዟዙራችሁት ይሆናል። ዛሬ በሌላ ኖት ተተክቷል።

ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በሜይ 1942 ገለልተኛ በነበረችው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ነው። የመራው ከፋዩ ራሱ፣ ዛኸር ነው። ወደ ዓለም ያወጣው ግን ሌላ የኦርኬስትራ መሪ፣ ሻርል ሙንሽ ነው። የሙንሽ ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። የተወለደው በ1891 በስትራስቡርግ ነው፤ ከተማዋ ያኔ የጀርመን ነበረች። ስለዚህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን መለዮ ለብሶ ዘመተ፤ በመርዝ ጋዝ ተጎዳ፣ ቆሰለ። ከዚያ ላይፕዚግ ውስጥ ስመ ጥር በሆነው የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ መሪ ቫዮሊነኛ ሆነ። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ኦርኬስትራ ይመራል፣ ተቃዋሚዎቹንም ይረዳል። የክር መሣሪያን በእጁ የሚያውቅ፣ ጦርነትን በሁለቱም ወገን የቀመሰ ሰው። ይህን ሲምፎኒ ጦርነቱ ሳያልቅ ፓሪስ ውስጥ በዲስክ አስቀረፀው። ኋላም የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ሲይዝ እዚያም መራው።

ከሙንሽ ሌላ ሰዎች የሚያደንቁት ቅጂ የኦርኬስትራ መሪው የኸርበርት ፎን ካራያን ነው፤ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1969 የተቀረፀው። ካራያን በወጣትነቱ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። በናዚ በተያዘች ከተማ የተጻፈውን ለቅሶ ከበርሊን ኦርኬስትራ ጋር አንደኛ አድርጎ የመራው እሱ መሆኑን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም። ግን አሳምሮ ነው የመራው። ድምፁ ከሙንሽ ይለሰልሳል፣ ይጠራል። የሙንሽ ይሻክራል። እኔ ሻካራውን እመርጣለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ግን በካራያን ቢጀምር አይከፋም።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። ስፒከሩ ኮንትራባሱን ይውጠዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ባሱ ከሌለ የሚቀረው ከመሬት የተነቀለ ለቅሶ ነው። በታክሲም አትስሙት፣ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። መድረክ ላይ የተቀረፀ ቪዲዮ ካገኛችሁ ደግሞ ትራምፔተኛውን ፈልጉት። ሦስተኛው ክፍል ሲጀመር ትራምፔቱን ወደ አፉ አስጠግቶ ድምፅ ሳያወጣ ሲተነፍስበት ልታዩት ትችላላችሁ። ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፤ እያሞቀው ነው።